ሠላሳ ስድስት ለባዶ

አዛውንቱ ሴት ልጃቸውን ረስተዋታል። በየእሑዱ አበባ ይዛ ስትመጣ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ይሞክሩና፣ እንግዳ እንደሚቀበል ጨዋ ሰው፣ «ከየት ነው የመጣሽው እመቤት?» ይሏታል። እሷም ለምዳዋለች። «ከአርብሮዝ» ትላቸዋለች። ያን ጊዜ ፊታቸው ፍክት ይላል። «አርብሮዝ! ታዲያ ትናንት ስንት ለስንት ወጡ?»

እኔ የምሠራው ዳንዲ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስና ማዳመጥ ነው። ደሞዝ የሚከፈለኝ ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይመስለኛል። የአዛውንቱን ስም አልጽፍም፤ ዘመድ አላቸው። እሳቸውም የእኔን ስም ይዘው አያውቁም። «ሰን» ነው የሚሉኝ። የስኮትላንድ ሽማግሌ በዕድሜ የሚያንሰውን ወንድ ሁሉ «ሰን» ይላል፤ ልጄ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ቃል ስሰማ ሆዴ ይባባ ነበር። አባቴን የቀበርኩት በስልክ ነውና።

ልጃቸውን የረሱት ሰው ግን አንድ ነገር አልረሱም። የካቲት ወር 1974 ላይ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ) የአርብሮዝ ክለብ ግላስጎው ድረስ ሄዶ ታላቁን ሬንጀርስን በገዛ ሜዳው 3 ለ 2 አሸንፏል። አዛውንቱ በቦታው ነበሩ። የአሥራ አንዱን ተጫዋቾች ስም ከበረኛው ጀምረው እስከ ግራ ክንፉ ድረስ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳይደናቀፉ ይዘልቁታል። አንድ ጊዜ ተሳስተው እንደሆነ ብዬ በወረቀት ይዤ ጠበቅኋቸው። በሳምንቱም በወሩም ያው ነበር።

በዚህ አገር ይህን ነገር ያስተዋሉ ሰዎች አሉ። ከ2009 ጀምሮ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች የቆመው የስኮትላንድ ማኅበርና የስኮትላንድ እግር ኳስ ሙዚየም ተባብረው የኳስ ትዝታ ቡድኖችን አቋቁመዋል። በጎ ፈቃደኞች የድሮ ተጫዋቾችና የድሮ ሜዳዎች ፎቶግራፍ ይዘው ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ቁርስ መብላቱን የማያስታውስ ሰው፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ማን በየትኛው እግሩ እንዳገባ ተነሥቶ ይከራከራል። መድኃኒት አይደለም፤ ማንንም አላዳነም። ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ሰውየው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የእኔም አዛውንት በየቅዳሜው ጧት ቀይ የአንገት ልብሳቸውን ጠምጥመው በር ላይ ይቆማሉ። «ሰን፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው።» ሐኪማቸው አልፈቀደም፤ እግራቸውም እሺ አይልም። አንድ ቅዳሜ፣ ዐቢይ ጾም ላይ፣ የዕረፍት ቀኔ ነበርና አላስችል አለኝ። «እኔ ልሂድና የሆነውን ሁሉ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። በጥርጣሬ አዩኝ። «ፕሮግራሙን ግዛ» አሉኝ። ፕሮግራም የሚሉት በየጨዋታው የሚታተመውን ትንሽ መጽሔት ነው።

ከዳንዲ አርብሮዝ በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ሐዲዱ ባሕሩን ይዞ ይሄዳል። አርብሮዝ ሃያ አራት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ስኮትላንዶች ለሮማው ጳጳስ የነፃነታቸውን ደብዳቤ የጻፉት ከዚህች ከተማ ገዳም በ1320 ነው፤ የገዳሙ ፍራሽ ዛሬም ቆሟል። የክለቡ ሰዎች «ቀይ መብራቶች» የሚል ቅጽል ስም አላቸው። ድሮ ማታ ማታ ጀልባዎችን ወደ ወደቡ ይመራ ከነበረው ቀይ መብራት የመጣ ስም ነው።

ከተማዋ የምትታወቅበት ሌላው ነገር ዓሣ ነው። ሃዶክ የሚሉትን ዓሣ ሁለት ሁለቱን በጭራቸው በገመድ ያስሩና፣ ከእንጨት እሳት በላይ ሰቅለው በጭስ ያበስሉታል። ከ2004 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ሕግ ተጠብቋል። ከከተማዋ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ የተጠበሰ ዓሣ በአርብሮዝ ስም መጠራት አይችልም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው የቆየ ክርክር እኔ የእናቴ ወገን ነኝ፤ አይበላም። ስለዚህ ለአዛውንቱ አንድ ጥንድ ገዝቼ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በካፖርቴ ኪስ ያዝኩት። ሽታው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲፈትነኝ ዋለ።

ጌይፊልድ የሚባለው ሜዳ ከባሕሩ ጋር ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው። ማዕበል ሲነሣ ውሃው ግድግዳውን ዘልሎ ተመልካቹን ይረጫል። በረኛ ወደ ፊት የለጋት ኳስ ነፋስ መልሶ ለኮርና ሲያወጣት አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ቦቭሪል ይጠጣል። የበሬ ሥጋ ተቀቅሎ ተቀቅሎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በኋላ በፈላ ውሃ የሚበጠበጥ ነገር ነው። ጾመኛ መሆኔን ለሻጩ ማስረዳት ስላቃተኝ «ሆዴን ያመኛል» አልኩት። ኀዘኑን ገልጾ ሻይ ሰጠኝ። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ሕዝቡ ተነሥቶ እንደ ታቦት ሸኚ ሜዳውን እየዞረ ወደ ሌላኛው ጎል ጀርባ ሄደ፤ ክለቡ ወደሚያጠቃበት ወገን መሆኑ ነው። እኔም ተከተልኩ። ስለ ጨዋታው ብዙ የምለው የለኝም፤ አብዛኛውን የተጫወተው ነፋሱ ነው።

ፕሮግራም የምትሸጠው ሴት አሮጊት ናት፤ ደሞዝ የላትም፤ ክለቡን ታገለግላለች። ስለ አዛውንቱ ነገርኳት። «ጥቁር ሰው ስለ 1974 ሲያወራኝ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያም እጄን ይዛ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ፎቶግራፎች አሳየችኝ። ቡድኖች ናቸው፤ የቆሙ፣ የተንበረከኩ፣ ክንዳቸውን ያጣመሩ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የእያንዳንዱ ሰው ስም ተጽፏል። ከተጠባባቂው ሌላ ውሃ የሚያቀብለው ልጅ ስም እንኳን አለ። ያኔ ልብ አላልኩም። ነገሩ የከነከነኝ ኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ርእሴ ልምጣ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1885፣ ቅዳሜ፣ አርብሮዝ ቦን አኮርድ የተባለ የአበርዲን ቡድን በስኮትላንድ ዋንጫ ገጠመ። ውጤቱ 36 ለ 0 ነው። በሁለት ደቂቃ ተኩል አንድ ግብ ማለት ነው። ጆን ፔትሪ የተባለው የአርብሮዝ አጥቂ ብቻውን 13 አገባ። መረብ ገና አልተፈለሰፈም፤ ግብ በገባ ቁጥር ኳሷን ሮጦ ማምጣት ነበር። ዳኛው ብዙ ግብ ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ሰርዟል፤ ያለዚያ ቁጥሩ ከዚህም ባለፈ ነበር። የአርብሮዝ በረኛ ኳሷን ሳይነካ ዋለ ይባላል፤ ዝናብ ስለነበር ከአንድ ተመልካች ጃንጥላ ሥር ተጠልሎ ቆየ ብለው ይተርካሉ።

ይበልጥ የሚገርመው በዚያው ቀን፣ እኔ በምኖርበት ዳንዲ፣ ዳንዲ ሃርፕ የተባለው ክለብ አበርዲን ሮቨርስን 35 ለ 0 ማሸነፉ ነው። ዳኛው 37 ቆጥሮ ነበር ይላሉ። የሃርፕ ጸሐፊ ግን «የለም፣ እኔ የመዘገብኩት 35 ነው» ብሎ አረመው። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሏል ይህ ነው። ሰውየው ዝም ብሎ ቢሆን የዓለም ክብረ ወሰን የእነሱ ይሆን ነበር። በ2002 ማዳጋስካር ውስጥ 149 ለ 0 የተመዘገበ ጨዋታ አለ። እሱ ግን ተጫዋቾቹ በዳኛ ተናደው በገዛ ጎላቸው ላይ ያገቡት ስለሆነ የአርብሮዝ ሰው አይቆጥረውም።

አሮጊቷ ይህን ከነገረችኝ በኋላ የተናገረችው ነው ከእኔ ጋር የቀረው። «ሁሉም ስለ ፔትሪ ያወራል። እኔ የማስበው ስለ ቦን አኮርዶች ነው። ዕረፍት ላይ 15 ለ 0 ነበሩ። ተመልሰው ገቡ እኮ!»

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ነገሩ ሱስ ሆነብኝ። የዕረፍት ቀኔን በከተማው ቤተ መጻሕፍትና በባቡር ላይ ማሳለፍ ጀመርኩ። ከግላስጎው በስተ ሰሜን ምዕራብ የሊቨን ወንዝ ይወርዳል። ውሃው ለስላሳ ስለሆነ በዳርቻው ጨርቅ ማንጫና ማቅለሚያ ፋብሪካዎች ተተክለው ነበር። ቀዩ ጨርቃቸው እስከ ህንድ ድረስ ይሸጥ ነበር። ከዚህ ሸለቆ የወጣው ቬል ኦቭ ሊቨን የተባለ ክለብ የስኮትላንድን ዋንጫ በ1877፣ በ1878 እና በ1879 በተከታታይ ወሰደ። የጎረቤቱ መንደር የሬንተን ክለብ በ1885 እና በ1888 ወሰደ። በዚያው በ1888 የእንግሊዝ ዋንጫ ባለቤት የነበረውን ዌስት ብሮሚችን 4 ለ 1 ረትቶ፣ በሜዳው ቤት ላይ «የዓለም ሻምፒዮን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ልብ በሉ፣ መንደር ነው! ደግሞስ ማን ያስተባብላል? የሚገጥመው ሌላ ዓለም ገና አልነበረም።

የስኮትላንድ ሊግ በ1890 ሲመሠረት ከአሥራ አንዱ ክለቦች ሦስቱ፣ ሬንተን፣ ቬል ኦቭ ሊቨንና ዳምባርተን፣ በእግር ከሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ቦታዎች የመጡ ነበሩ። ከዚያ ምን ሆኑ? እንግሊዞች በ1885 ለተጫዋች ደሞዝ መክፈልን ፈቀዱ። ስኮትላንዶች እስከ 1893 ድረስ ከለከሉ። የመንደር ልጅ ኳስ ካወቀ በድብቅ የሚመጣ ወኪል ይዞት ወደ ደቡብ ይሄዳል። ደሞዝ ሲፈቀድም የመንደር ክለብ ከግላስጎው ሀብታሞች ጋር መወዳደር አልቻለም። ሬንተን አምስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ፣ ስሙን ቀይሮ ከመጣ የታገደ ክለብ ጋር ተጫውተሃል ተብሎ ከሊጉ ተባረረ። በኋላ ቢመለስም አልሰነበተም፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። ሜዳው ዛሬ መኖሪያ ቤት ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ዋንጫ የበላው ቬል ኦቭ ሊቨን በ1891–92 አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዓመቱን ጨረሰ።

እንዲህ ያለ ዓመት እንደገና የታየው በ2017–18 ነው። የአርብሮዝ ጎረቤት ብሪኽን ሠላሳ ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ አራት አቻ ወጣ፤ ሠላሳ ሁለት ተሸነፈ። ብሪኽን ሰባት ሺህ ያህል ሰው ያላት ከተማ ናት። የሜዳዋ አንዱ ወገን አጥር ሳይሆን ቁጥቋጦ ነው። ያን ዓመት በየሳምንቱ ከቁጥቋጦው ፊት የሚቆሙ ሰዎች አልጠፉም። እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ከሁሉ የነካኝ ግን ግሌንበክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሊቨርፑል ደጋፊ የሆነ ሁሉ ቢል ሻንክሊን በስም ያውቃል። ከ1959 እስከ 1974 ክለቡን ከሁለተኛ ዲቪዚዮን አንሥቶ ትልቅ ያደረገ ሰው ነው። ሻንክሊ በ1913 የተወለደው ግሌንበክ በሚባል የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር ነበር። አምስት ወንድማማቾች ናቸው፤ አምስቱም ኳስ በደሞዝ ተጫውተዋል። አንደኛው፣ ቦብ፣ በ1962 ዳንዲን የሊግ ሻምፒዮን ያደረገ አሠልጣኝ ነው። ሺህ ያህል ሰው ብቻ ከነበረባት ከዚህች መንደር ሃምሳ ያህል ተጫዋቾች ወጥተዋል ይባላል። የከሰሉ ጉድጓድ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ፤ ክለቡም አብሮት ሞተ። ቀጥሎ ሰው ተበተነ። በመጨረሻም መሬቱን ከላይ እየገለጡ ከሰል የሚያወጡ ማሽኖች መጡና የቀረውን ፍራሽ ጠረጉት። ዛሬ መንደሩ የለም። ድንጋይ አለ፤ በድንጋዩ ላይ ስም አለ።

ገንዘብ ቢኖርስ ይድኑ ነበር? ግሬትና የምትባለው ሦስት ሺህ ያህል ሰው ያላት የድንበር ከተማ መልሱን ሰጥታለች። አንድ ባለጠጋ ክለቧን ያዘ። ቡድኑ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ሦስት ዲቪዚዮን ወጣ። በ2006 ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ተሸነፈ። በ2008 ባለጠጋው ታመመ፤ ገንዘቡ ቆመ፤ ክለቡ በዚያው ዓመት ፈረሰ። የከተማዋ ሰዎች ግን በዚያው በ2008 በራሳቸው መዋጮ አዲስ ክለብ አቋቁመው ከታች ጀመሩ። አርብሮዝም ቢሆን በ2022፣ ቀን ቀን ሌላ ሥራ በሚሠሩ ተጫዋቾች፣ ወደ ላይኛው ሊግ ለመውጣት ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የጎደለው። በ2024 ደግሞ ወረደ። ሰዎቹ ያው ግድግዳው ሥር ናቸው።

ወደ ዚያች ቅዳሜ ልመለስ። ማታ መጦሪያው ቤት ስገባ አዛውንቱ አልተኙም። ዓሣውን ፈትቼ አቀረብኩላቸው። በጣታቸው እየለቀሙ በሉ። ፕሮግራሙን ጭናቸው ላይ አደረግሁት። «ስንት ለስንት?» አሉኝ። የዕለቱን ውጤት ልነግራቸው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ምን እንደገባብኝ አላውቅም።

«36 ለ 0» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሣም። ስህተት ሠራሁ፣ በሽተኛ ላይ ቀለድኩ ብዬ ስደነግጥ፣ ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ፔትሪ ስንት አገባ?»

«13።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሌሊት ተረኛዋ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች። ለእሷ ማስረዳት አልቻልንም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እኔም በተራዬ የማሳየው ነገር አለኝ ብዬ ከቤቴ አንድ ፎቶግራፍ አመጣሁላቸው። አባቴ በወጣትነቱ በአንድ የፋብሪካ ከተማ ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር። ፎቶው በእኛ አቆጣጠር የ1962 ዓ.ም. ነው፤ ኳሷ ላይ በኖራ ተጽፏል። ስድስት ቆመዋል፤ አምስት ቁጢጥ ብለዋል። አባቴ ከቆሙት ከግራ ሦስተኛው ነው። ፀጉሩ ጎፍሯል። ቡድኑ ከፈረሰ ቆይቷል።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን በረኛው ላይ አሳረፉ። «ይሄ ማነው?»

አላውቅም አልኳቸው።

«ይሄስ?»

አላውቅም። አባቴን ጨምሮ ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ብቻ ነው የማውቀው፤ ሁለቱንም በቅጽል ስማቸው። አዛውንቱ ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ባዶ ነው። መለሱልኝና፣ ልጃቸውን የረሱት ሰው፣ እንዲህ አሉኝ፦ «ሰን፣ ለምን አልጠየቅኸውም?»

እኛ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ብቻውን አይውልም፤ የሚያውለው ሰው ይፈልጋል። ቦን አኮርዶች 36 ገብቶባቸው ቀናቸው ከተነገረ መቶ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ አንድ ሰው ጻፈው፣ ሌላው አስቀመጠው፣ ሌላው በዝናብ ቆሞ ለእንግዳ ነገረው። የአባቴ ቡድን ስንት ጊዜ አሸንፎ ይሆናል። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ እኔ የእንግሊዝ ሊግ ውጤት በሬዲዮ እከታተል ነበር። «አባባ፣ እስቲ ዝም በል፣ ውጤት ሊነገር ነው» ያልኩት ቀን ትዝ ይለኛል።

በዚያው ሌሊት ወደ አገር ቤት ደወልኩ። አጎቴ ከሰማንያ አልፈዋል፤ ጆሯቸው ከብዷል። «ጋሼ፣ ስለ ኳስ ልጠይቅዎት ነው» ብዬ ጮህኩ። «ስለ ምን?» አሉ። «ስለ አባባ ቡድን!» ከወዲያኛው ጫፍ ትንሽ ጸጥታ ሆነ። «አንተ ልጅ፣ አሁን ነው የምትጠይቀው?» አሉኝ። ከዚያ ከበረኛው ጀመሩ።

ሁለት ሰዓት ፈጀን። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ተገኙ። አንደኛው በረኛ ብቻ ሳይሆን የፋብሪካው ነርስም ነበር አሉኝ፤ አንደኛው ከጦር ሜዳ አልተመለሰም። ስማቸውን እዚህ አልደረድርም፤ የየቤተሰባቸው ነው። ከፎቶው ጀርባ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በእርሳስ ጽፌዋለሁ። በእርሳስ ያደረግሁት አጎቴ ሁለቱን ስላልተማመኑባቸውና ሊያርሙኝ ስለሚችሉ ነው። ለቀሩት ሁለት ሰዎች ቦታቸውን ባዶ ትቻለሁ።

ቅዳሜ ለአዛውንቱ አነበብኩላቸው። እያንዳንዱን ስም እየተከተሉ እንደምንም ብለው በራሳቸው አፍ አሉት። ጨርሰን ዝም አልን። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እና፣ ስንት ለስንት ወጡ?» አሉኝ።